ከቀዘፋ በፊት ጀርባ

«ጋሼ፣ ባዶ ጄሪካን አቅፌ ብገባስ? ያን ያህል ዋና መማር ለምን አስፈለገ?»

ጠያቂው ዋና ልማር ብሎ ከሃላሌ ሶዶ ድረስ የመጣ ወጣት ነው። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ስቆ ያልፈው ነበር። ይህ ጸሐፊ ግን አልሳቀም፤ የወጣቱ ስሌት ትክክል ነውና። ባለ 20 ሊትር ባዶ ጄሪካን ውሃ ውስጥ ወደ 20 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያነሳል። ዋና ለማይችል ሰው በተረጋጋ ውሃ ላይ የሚታዘዘው ላይፍ ጃኬት የማንሳት አቅሙ 100 ኒውተን፣ ማለትም ወደ 10 ኪሎ ነው። ጄሪካኑ እጥፉን ያነሳል። ጉድለቱ ሌላ ቦታ ነው። ጄሪካን በእጅ ይያዛል፤ እጅ ደግሞ ይደክማል፣ ያዳልጠዋል፣ ሞገድ ሲመታው ይለቃል። ላይፍ ጃኬት ግን ከገላ ጋር ይታሰራል፤ ለባሹ ቢዝልም ፊቱ ወደ ላይ እንዲሆን ታስቦ የተሰፋ ነው።

የጄሪካን ቦታው ዳር ላይ ነው። ክዳኑ ጠብቆ፣ ሲወረወር ነፋስ እንዳይወስደው ትንሽ ውሃ ተጨምሮበት፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ታስሮ ይቀመጥ። ሰው ሲሰጥም ዘሎ የሚገባ ወዳጅ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል፤ የሚሰጥም ሰው ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣልና። ገመድ የወረወረ ግን ሁለቱንም ያተርፋል።

የሃላሌው ልጅ ጥያቄ የመጣው ከሰፈሩ ነው። ሃላሌ የኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ አገሩ ከዚያ ቁልቁል ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። የቀድሞ ሰው ኦሞን የሚያውቀው በጥልቅ ገደል ውስጥ እንደሚጋልብ ወንዝ ነበር። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ጀመረ፤ ታኅሣሥ 8 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከጀርባው ወደ 150 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሐይቅ ተኛ። ማዶ በዳውሮ በኩል የሃላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቷል፤ ጀልባውም ሽርሽሩም መጣ። በአንድ ትውልድ ውስጥ የገደል አገር የሐይቅ አገር ሆነ። ዋና ግን ከውሃው ጋር አብሮ አልመጣም።

ደግሞም ይህ ሐይቅ እንደ ላንጋኖ ዳር ዳሩን እየተራመዱ የሚለምዱት አይደለም። የተኛው በገደል ላይ ነው። አንዱ እርምጃ ጉልበት ድረስ ቢሆን ቀጣዩ መሬት ላይኖረው ይችላል። ክረምት ሲሞላና በጋ ሲጎድል ዳርቻው ቦታ ይቀይራል፤ ባለፈው ዓመት ልጆች የቆሙበት ድንጋይ ዘንድሮ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ይህ ጸሐፊ አንድ ነገር ላይ ግትር ነው፤ ባልደረቦቹም በዚሁ ይቀልዱበታል። ማንኛውም ጀማሪ እጅና እግር ማንቀሳቀስ ከመማሩ በፊት በጀርባው ተኝቶ ሳይንቀሳቀስ መንሳፈፍ አለበት። ቀዘፋ የለም፣ ውድድር የለም። ጆሮ ውሃ ውስጥ፣ አገጭ ወደ ሰማይ፣ ሳንባ በአየር የተሞላ። አብዛኛው ሰው ሳንባው ሲሞላ ከውሃ በጥቂቱ ይቀላል፤ በጥቂቱ ብቻ። ከውሃው በላይ የሚተርፈው የገላው ክፍል ትንሽ ነው፤ ያ ትንሽ ክፍል ፊት ከሆነ ሰውየው ይተነፍሳል። የፈራ ሰው ግን ደመ ነፍሱ ተቃራኒውን ያዘዋል። ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ለእርዳታ እጁን ያነሳል። ክንዱ ከውሃ ሲወጣ አፉ በዚያው ልክ ይጠልቃል። ቀጫጭንና ጡንቻማ ወጣቶች እግራቸው ይሰምጥባቸዋል፤ እነሱ እጃቸውን ውሃው ውስጥ እንዳለ ከራሳቸው በላይ ሲዘረጉ ሚዛኑ ይመለሳል።

የሚሰጥም ሰው ይጮኻል የሚባለውም ከፊልም የመጣ ነው። አሜሪካዊው የሕይወት አድን ሠራተኛ ፍራንክ ፒያ እንደመዘገበው፣ በመስጠም ላይ ያለ ሰው እጁን ወደ ጎን ዘርግቶ ውሃውን ይጫናል፤ አፉ ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ፋታ የለውም። ሁሉም ነገር ከ20 እስከ 60 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል። እናት ጀርባዋን ሰጥታ ዳጣ እስክታቀርብ ማለት ነው።

ተቀናቃኙ ዘዴ የታወቀ ነው፦ «ወርውረው፣ ውሃው ራሱ ያስተምረዋል።» በዚህ መንገድ ዋና የተማሩ ጎበዞች አሉ፤ ይህ ጸሐፊም ያውቃቸዋል። ክርክሩን የሚያበላሸው ግን ያልተማሩት መጥተው መመስከር አለመቻላቸው ነው። ሁለተኛው ተቀናቃኝ የተማረው አሰልጣኝ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ቀዘፋ ያስጀምራል። ተማሪው 10 ሜትር ይሄዳል፣ ቤተሰብ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሳል። አሥራ አንደኛው ሜትር ላይ ትንፋሹ ሲያልቅ የሚያርፍበት ግን አልተሰጠውም።

ጃፓኖች ይህን በመከራ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1955 ሺዩን ማሩ የተባለች መርከብ ሰጥማ 168 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመዋኛ ገንዳ በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። ዛሬ ልጆቻቸው ከነልብሳቸው በጀርባ ተንሳፍፈው እርዳታ መጠበቅን ይለማመዳሉ። ገንዳ ውድ ነው ለሚል ደግሞ ባንግላዴሽ አለች፤ እዚያ ኩሬ ውስጥ የቀርከሃ መድረክ ሠርተው ልጆችን ያስተምራሉ። ቀርከሃ ለእኛ ብርቅ አይደለም።

እኛ ዋናን የምናስታውሰው ለመሳቅ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ በሪዮ ኦሎምፒክ 100 ሜትሩን በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ጨርሶ የመጨረሻ ሲወጣ አገር ስለ ቦርጩ አወራ። አንድ የኢትዮጵያ ልጅ የት ገንዳ አግኝቶ ይለማመዳል ብሎ የጠየቀው ጥቂት ነው።

ሌሎቹ ጥንቃቄዎች ክርክር አያስፈልጋቸውም። ኦሞ አዞና ጉማሬ ያለበት ወንዝ ነው፤ ዓሣ አስጋሪውን ሳይጠይቁ አይገባም። አባያ ሐይቅ ቀይ ደፍራሽ ስለሆነ አዞው አይታይም፤ እዚያ ጀልባ እንጂ ዋና የለም። ቀንድ አውጣ የሚራባበት፣ ሳር የበዛበት የረጋ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለው፤ ተውሳኩ በቆዳ በኩል ይገባል፣ በፎጣ መድረቅም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። እዚያ ውሃ የነካው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው። በጊፋታ በዓል ሰሞን ቁርጥ በልቶ መዋኘትን ብዙዎች ይፈራሉ። ቁርጡ ሆድ ቢከብድ እንጂ ያን ያህል አይጎዳም፤ የሚገድለው አብሮት የሚጠጣው ነው።

ይህ ጸሐፊ ሥራውን የወደደው ግን በጉልበታም ወጣቶች ሳይሆን በአንዲት ጉልበታቸውን በሚያማቸው እናት ነው። እማማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውሃ ከወንዝ በጀርባቸው ሲያመላልሱ የኖሩ ናቸው፤ ገላቸው ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ገብቶ ግን አያውቅም። ልጃቸው የሆቴል ገንዳ ድረስ አምጥቷቸው ለመግባት ብዙ አንገራገሩ። ሰው እምብርቱ ድረስ ሲገባ ውሃው የክብደቱን ግማሽ ያህል ይሸከምለታል፤ አንገቱ ድረስ ሲገባ በእግሩ ላይ የሚቀረው አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። የታመመ መገጣጠሚያ በየብስ የማይችለውን እንቅስቃሴ እዚያ የሚችለው ለዚህ ነው። ውሃው እግርን ሲጫን ደም ወደ ደረት ይመለሳል፣ ልብ በእያንዳንዱ ምት ብዙ ደም ትረጫለች። ለዚህም ነው የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይገባ የሚነገረው።

እማማ መጀመሪያ ገንዳው ውስጥ ተራመዱ። ቆይተው ማጅራታቸው በአሰልጣኙ መዳፍ ላይ ሆኖ ተንጋለሉ። መዳፉ ቀስ ብሎ ሲለቃቸው ወዲያው አወቁ፤ ተቆጡም። «ለቀኸኛል!» አሉ፤ ግን አልሰጠሙም ነበር።

ቀዘፋ እስከ ዛሬ አያውቁም፣ መማርም አይፈልጉም። አሁን ጎረቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ማጅራቷን ደግፈው የሚያስተምሯትም ራሳቸው ናቸው። ጆሮዋን ወደ ውሃው እያስገቡ «ዝም በይ፣ ተንፍሺ» ይሏታል። አሰልጣኙ እጁን ሊያግዝ ሲዘረጋ በክርናቸው ገፋ ያደርጉታል።