የዳኛው ቃልና የተማሪው ማስረጃ፤ በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ደንብ ላይ የቀረበ ሂስ

«በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ብሂል ሰውን ይበልጥ የሚቆጨው የጠፋው ነገር ብዛት ሳይሆን የጠፋበት መንገድ መሆኑን ያስገነዝባል። ይህ እውነት በተማሪዎች የሮቦት ውድድር ሜዳም ይታያል። ለወራት የደከመ ቡድን በብልጫ ቢሸነፍ ይጽናናል፤ በዳኛ ስሕተት ተሸነፍሁ ብሎ ካመነ ግን ቅሬታው ከውድድሩ በኋላም አይለቀውም። ስለሆነም አዘጋጆች ለቅሬታ ያበጁት ሥርዓት ራሱን የቻለ የትምህርት ጉዳይ ሆኖ ሊመረመር ይገባዋል።

በዚህ ረገድ ሰፊ ልምድ ካላቸው መካከል የአሜሪካው ፈርስት የተባለ ድርጅት ይገኝበታል። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን ሲሆኑ፥ የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሸር 28 ቡድኖች ተካፍለውበት ተካሂዷል። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር ሦስት ሦስት ቡድኖች ኅብረት ፈጥረው ይጋጠማሉ።

የዳኝነቱን አስቸጋሪነት ለመረዳት የ2023ን ውድድር መመልከት ይበቃል። በዚያ ዓመት ሮቦቶች ወዲያና ወዲህ በሚያዘነብል መድረክ ላይ ወጥተው ሚዛን እንዲጠብቁ ይጠየቁ ነበር። በግጥሚያው ፍጻሜ መድረኩ ላይ የቆመ ሮቦት 6 ነጥብ ሲያስገኝ፥ መድረኩ ደልዳላ ሆኖ ከተገኘ ግን ነጥቡ 10 ይሆናል። ደልዳላ የሚባለውም ዝንባሌው ከ2.5 ዲግሪ ያህል ያልበለጠ እንደሆነ ነው። ሦስቱም ሮቦቶች በወጡ ጊዜ በዚህች ጠባብ ልዩነት ላይ 12 ነጥብ ይንጠለጠላል።

በዚያው ዓመት መመሪያ መሠረት ቅሬታ ያለው ቡድን በሜዳው ዳር ወደ ተከለለው የጥያቄ ሥፍራ አንድ ተማሪ ብቻ ይልካል። ዋናው ዳኛ የሚያነጋግረው ያንኑ ተማሪ እንጂ መምህሩን ወይም ወላጁን አይደለም። የመጨረሻው ውሳኔም የዋናው ዳኛ ሲሆን፥ ቪዲዮም ሆነ ፎቶግራፍ ከማንም ቢቀርብለት አይመለከትም።

የዚህ ደንብ የመጀመሪያው ክፍል ሊመሰገን ይገባዋል። ተማሪው ቁጣውን ገትቶ፥ አንቀጹን ጠቅሶ፥ ያየውን በአጭሩ እንዲያስረዳ ያስገድደዋልና። ይህ አባቶች በበላ ልበልሃ ሙግት ያዳበሩት የአንደበትና የትዕግሥት ችሎታ ዓይነት ነው፤ ብዙ የክፍል ውስጥ ትምህርትም ይህን ያህል አያለማምድም።

ሁለተኛው ክፍል ግን ያከራክራል። ቪዲዮን የሚከለክለው ደንብ ምክንያት አልባ አይደለም። ዳኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በአንድ ቀን የሚካሄዱት ግጥሚያዎች ብዙ ናቸው፤ ጥሩ ካሜራ ያለው ቡድንም ከሌለው ቡድን ይልቅ ተሰሚነት ሊያገኝ ይችላል። ይሁን እንጂ የሮቦት ትምህርት መሠረቱ ልኬት ነው። ተማሪው «ይመስለኛል» ማለትን ትቶ መሣሪያው የመዘገበውን እንዲያምን ዓመቱን ሙሉ ሲማር ይከርማል። በሜዳው ላይ ግን የአንድ ሰው ዓይን ከማንኛውም ማስረጃ በላይ መሆኑን ያያል። ምክንያቱ ካልተብራራለት፥ ማስረጃ የሚሠራው ሥልጣን እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነው የሚል ትምህርት ይዞ ይመለሳል።

ለታናናሾቹ የተዘጋጀው የፈርስት ሌጎ ሊግ ሌላ መንገድ ያሳያል። ግጥሚያው ሲያበቃ ዳኛው ከልጆቹ ጋር ሆኖ በጠረጴዛው ላይ ያለውን እየተመለከተ ነጥቡን ይቆጥራል፤ ደንቡ በግልጽ በማይዳኘው አጠራጣሪ ጉዳይ ላይም ጥርጣሬው ለቡድኑ ጥቅም ይተረጐማል። ሆኖም በዚያ ውድድር የአንዱ ነጥብ ከሌላው ላይ አይወሰድም። ተፋላሚ ባለበት ሜዳ ለአንዱ የተደረገ ርኅራኄ በሌላው ላይ የተፈጸመ በደል ስለሚሆን፥ ይህ ደንብ እንዳለ ሊዛወር አይችልም። ሊዛወር የሚገባው ተማሪውን የቆጠራው ተካፋይ የማድረግ ልማድ ነው።

ከዚህ በመነሣት የተማሪ ውድድር የሚያቅዱ ክፍሎች ውሳኔ የመጨረሻ እንዲሆን ሲደነግጉ፥ ዳኛው ያየውን፥ የጠቀሰውን አንቀጽና ምክንያቱን በሁለትና በሦስት መስመር እንዲጽፍ ሊያደርጉ ይገባል። ውድድሩ ካለቀ በኋላም አከራካሪ ግጥሚያዎች ውጤት ሳይለወጥ በቪዲዮ ተመርምረው ለዳኞች ሥልጠና ቢውሉ፥ የዛሬው ስሕተት ለነገው ትምህርት ይሆናል። መምህራንም በበኩላቸው ተማሪዎች ከውድድሩ በፊት ተከራካሪም ዳኛም እየሆኑ እንዲለማመዱ ቢያደርጉ፥ የዳኛን ሸክም ያልቀመሰ ተማሪ በችኮላ አይፈርድም።

ዳኛ ሰው እንደመሆኑ መሳሳቱ አይቀርም። ትምህርት ቤት ዋስትና ሊሰጥ የሚችለው ስሕተት አይኖርም ብሎ ሳይሆን፥ ለተሸነፈው ተማሪ የተፈረደበትን ምክንያት በማስረዳት ነው። ምክንያቱን የተረዳ ልጅ በቅሎውን ቢያጣም ይማራል፤ ያልተረዳው ግን ጭብጦውን እያሰበ ይኖራል።