ባክቴሪያና የድድ ሕመም፦ ከልክ በላይ የተተረጎመ ጥናት

ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት ጥናት በጥርስ ሕክምና ከፍተኛ ስፍራ አለው። ጤናማ ድድ የነበራቸው 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሲያቆሙ ከ10 እስከ 21 ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ጽዳቱ ሲቀጥል ዳነ። ፕላክ የሚባለው የባክቴሪያ ክምችት የድድ መቆጣት መንስኤ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

የጥናቱ ድንበር ግን እዚሁ ላይ ያበቃል። ጥርስን የሚደግፈው አጥንት በአንዱ ሰው ተመናምኖ በሌላው የሚተርፍበትን ምክንያት አይገልጽም። ያልተጸዳ ጥርስ ሁሉ መጨረሻው መውለቅ ነው የሚለው ድምዳሜ የአንባቢዎች እንጂ የጥናቱ አይደለም።

ሎ ራሱ ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው የስሪላንካ ጥናት ይህን ያርማል። ጥርስ የማጽዳት ልማድ ካልነበራቸው 480 የሻይ ልማት ሠራተኞች 8 በመቶው ሕመሙ በፍጥነት፣ 81 በመቶው በመጠኑ ሲብስባቸው፣ 11 በመቶው ከድድ መቆጣት አላለፉም። ባክቴሪያ ሕመሙን ይጀምራል፤ ጉዞውን ግን የሰውነት ምላሽ፣ ትንባሆና የስኳር ሕመም ጭምር ይወስኑታል።

ስለዚህ ድዱ የሚደማውን ታካሚ ስለ ጽዳት ብቻ መክሮ የሚያሰናብት ባለሙያ ጥናቱን በግማሽ አንብቧል፤ ያልታወቀ የስኳር ሕመምም ሊያመልጠው ይችላል።