«መልእክት» ስለ ተባለው ፊልምና ስላልታየው ፊት

ሰው የተቀደሰውን ነገር በሁለት መንገድ ያከብራል፤ አንዱን ሥሎ ይሳለመዋል፥ ሌላውን ሸፍኖ ይሰግድለታል። በአገራችን ሁለቱም ይታወቃሉ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሥለዋል፤ ከሓዲውን ግን ከጎኑ በአንድ ዓይን ያሳየዋል። ታቦቱ ደግሞ በጥምቀት ሲወጣ በግምጃ ተሸፍኖ ነው፤ «እስቲ ገልጣችሁ አሳዩን» የሚል ምእመን የለም። እንግዲህ ሙስሊሞች ስለ ነቢያቸው መልክ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆንብን አይገባም። በፋርስና በቱርክ የጥንት መጻሕፍት ውስጥ ነቢዩን የሚያሳዩ ሥዕሎች መኖራቸው እውነት ነው፤ በኋለኞቹ ግን ብዙ ጊዜ ፊታቸው በነጭ መሸፈኛ ተጋርዷል።

የሶርያ ተወላጅ የሆነው ሙስጠፋ አቃድ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. «መልእክት» የተባለውን ፊልም ያወጣው ይህን ጥንቃቄ ተቀብሎ ነው። ሦስት ሰዓት ያህል የአንድ ሰው ታሪክ ይተረካል፤ ባለታሪኩ ግን አይታዩም፥ ድምፃቸውም አይሰማም። ካሜራው በእርሳቸው ዓይን ስፍራ ይቆማል፤ የሚያነጋግራቸው ሰው ወደ ተመልካቹ እያየ ይናገርና መልሱን በራሱ አፍ ይደግመዋል። ሚስቶቻቸውም አይታዩም፤ ከዓሊ የሚታየው ሰይፉ ብቻ ነው።

ዘዴው ሁልጊዜ አይሳካም። አንዳንዱ ንግግር በስልክ የሚያወራን ሰው አጠገቡ ሆኖ እንደ መስማት ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ባዶውን ስፍራ ሐምዛ ሆኖ የሚጫወተው አንቶኒ ኩዊን መሙላቱ ነው፤ ተመልካቹ መምህሩን ሳይሆን ጦረኛውን እያሰበ ይወጣል። ኢሬኔ ፓፓስ የተጫወተቻት ጠላታቸው ሂንድም ከምእመናኑ ይልቅ ሕያው ናት፤ ፊት ተፈቅዶላታልና።

የተሳካው ግን በእውነት የተሳካ ነው። ስደተኞቹ በሐበሻው ንጉሥ ፊት ሲቆሙ ጃዕፈር ስለ ማርያም ከቁርአን ያነባል፤ ንጉሡም ልቡ ይነካል። ንጉሡን የተጫወተው በቤርሙዳ የተወለደው ኧርል ካሜሮን ነው። በዚያ አዳራሽ የነቢዩ መልክ ቢታይ ኖሮ ምን ይጨምር ነበር? ንጉሡ ራሱ ያመነው ሰምቶ እንጂ አይቶ አልነበረም።

ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሥራ ግን ከመታየቱ በፊት ተወገዘ። አንቶኒ ኩዊን ነቢዩን ሆኖ ተጫውቷል የሚል ወሬ ተነዛ። በማርች 1977 በዋሺንግተን የታጠቁ ሰዎች ሦስት ሕንፃዎችን ይዘው ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን አገቱ፤ ከጥያቄአቸው አንዱ ፊልሙ እንዲታገድ ነበረ። አንድ ወጣት የራዲዮ ጋዜጠኛ ተገደለ። መሪያቸው በ1973 ልጆቹን በነፍሰ ገዳዮች እጅ ያጣ አባት ስለ ነበር ሐዘኑን ማቃለል አይገባም፤ ነገር ግን ጋዜጠኛው በዚያ ሐዘን ውስጥ ምንም እጅ አልነበረውም። በመጨረሻ የግብፅ፥ የፓኪስታንና የኢራን አምባሳደሮች ገብተው ከቁርአን እየጠቀሱ አነጋገሩት፤ ታጋቾቹም ተለቀቁ።

ነቢዩን ለማሳየት ተብሎ የተሣለ ሥዕል ሲመጣ ነገሩ ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 2005 አንድ የዴንማርክ ጋዜጣ 12 ሥዕሎች አወጣ፤ በፍርሃት የሚደረገውን ዝምታ ልንፈትን ነው አለ። ከሥዕሎቹ አንዱ በጥምጥሙ ላይ ቦምብ አስቀመጠ። እኔ ይህን ደካማ ቀልድ እለዋለሁ፤ የጥቂቶችን ወንጀል ሱቁን ከፍቶ በሰላም ለሚያድረው ሁሉ አሸክሞታልና። ጥሩ ፌዘኛ በማን ላይ እንደሚያፌዝ ለይቶ ያውቃል። ደካማ ቀልድን በጽሑፍ መንቀፍ፥ ጋዜጣውንም አለመግዛት ይቻላል። በጃንዋሪ 2015 በፓሪስ «ሻርሊ ኤብዶ» በተባለው ጋዜጣ ላይ አደጋ ጥለው 12 ሰዎችን የገደሉት ግን ነቢዩን ተበቀልን አሉ፤ ከሟቾቹ አንዱ የሙስሊም ስም የነበረው ፖሊስ ነበረ።

አቃድም ከዚህ አላመለጠም። በኖቬምበር 2005 ለሠርግ አማን ከተማ ሄዶ ሳለ፥ በሃይማኖት ስም ሆቴሎችን ያፈነዱ ሰዎች እርሱንም ሴት ልጁንም ገደሏቸው።