ዝምታው በማን ፊት ነው?

በነርስነት ሙያ ስሜትን ማወቅና መግራት ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበው የታካሚው አልጋ ነው፤ ፈገግታው፣ ትዕግሥቱ፣ ማጽናናቱ። በአሜሪካ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ ሆስፒታሎችና የአረጋውያን መጦሪያዎች የምንሠራ ሐበሾች በዚህ በኩል ብዙም አንታማም፤ አረጋዊ ማክበርና የታመመ መጠየቅ ከቤት ይዘነው የመጣነው ነው። ፈተናው ስልኩ ላይ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የታካሚው ትንፋሽ ሲፈጥን፣ ተረኛውን ሐኪም ቀስቅሶ «መጥተው ይዩት» ማለት ሲያስፈልግ፣ አንደበትን የሚይዘው ምንድን ነው? በእንግሊዝኛ ማነስ የሚያመካኙ አሉ። እኔ ይሉኝታ ነው እላለሁ።

ይሉኝታ ነገርን ሸፍኖ መናገር ያስተምራል። «ዛሬ ትንሽ ደከም ያሉ ይመስለኛል» የሚለው ሰም፣ «እየባሰባቸው ነው፣ አሁኑኑ ይምጡ» የሚል ወርቅ ይዟል። ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሐኪም ግን ሰሙን ሰምቶ ተመልሶ ይተኛል። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። ሊዮናርድ ስታይን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1967 «የሐኪምና የነርስ ጨዋታ» ባለው ጽሑፉ፣ ነርሶች ምክራቸውን የሐኪሙ የራሱ ሐሳብ አስመስለው እንደሚያቀርቡ ገልጿል፤ የጨዋታው ዋና ሕግ በግልጽ አለመቃረን ነበር። በ1990 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ጉዳዩ ሲመለስ ነርሶቹ ጨዋታውን እየተዉት ነበር። ሌሎች ከጨዋታው ሲወጡ እኛ የገባንበት ይመስለኛል።

ሆስፒታሎች መፍትሔ ብለው የያዙት ኤስባር ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተወስዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ በኮሎራዶ ካይዘር ፐርማኔንቴ ለሕክምና የተሰናዳ የአነጋገር ሥርዓት ነው። መጀመሪያ ሁኔታው፣ ቀጥሎ የታካሚው የኋላ ታሪክ፣ ከዚያ የነርሷ ግምገማ፣ በመጨረሻም ምን ይደረግ እንደምትል። ሦስቱን በቀላሉ እንወጣቸዋለን። አራተኛው ላይ ድምፅ ይወርዳል፤ ከበላይ ጋር እኩል ቆሞ «እንዲህ ይደረግ» ማለት ነዋ! ሥርዓቱ ቃሉን ይሰጣል እንጂ ድፍረቱን አይሰጥም።

«ታዲያ ጨዋነታችንን እንጣል?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ይሉኝታ የሌላውን ፊት ማንበብ ነው፤ ሕመሙን የሚደብቅ ታካሚን ነቅቶ የሚያየውም ይኸው ዓይን ነው። የምለው ያ ዓይን ወዴት እንደዞረ ይታወቅ ነው፦ ዝም ያልኩት ለታካሚው ትንፋሽ አስቤ ነው ወይስ ለሐኪሙ እንቅልፍ? ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ነርስ ባነሰበት ክፍል «ስሜታችሁን ግሩ» የሚል ሥልጠና ጥፋቱን ከአስተዳደር ወደ ሠራተኛ ያዞራል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ደዋይዋን የሚያመናጭቅ ሐኪም ዝም በሚባልበት ቤት ራስን ማወቅ ብቻውን ማንንም አያድንም። ሆኖም የሰው እጥረቱን ለአለቃ ፊት ለፊት ለመንገር የሚያስፈልገውም ያው አንደበት ነው።

ስለ ሥልጠና ካነሣን፣ የጠባይ መለያ መጠይቆችም አይጥሙኝም። አንዷን ነርስ «ዝምተኛ» ብለው ይፈርጃሉ፤ ያቺው ዝምተኛ ቅዳሜ ከዕቁብ ሰብሳቢው ጋር ስትከራከር ቢያዩዋት ወረቀቱን በቀደዱት። ዝምታዋ ከተፈጥሮዋ ሳይሆን ከፊቷ ካለው ሰው የሚመጣ ነው። ስለዚህ አዲስ ነርስ የሚያሠለጥን ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ከሚጠይቃት፣ ያቺን የኤስባር አራተኛ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ እንድትለማመዳት ቢያደርግ ይሻላል። ድምፅዋ የትኛው ቃል ላይ እንደሚወርድ ራስዋ ትሰማዋለች።