«ካርቱን አይደል እንዴ?»

የልጆች ፊልም እያየሁ ለቤተሰብ ይሆናል አይሆንም ብሎ መጻፍ ሥራዬ መሆኑን ስናገር ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። «ካርቱን አይደል እንዴ? ምኑ ይመረመራል?» የሚለኝም አይጠፋም። ገና ሲቃረብ ግን ፈገግታው ይቀርና ስልኩ ይጀምራል። «ልጆቹ ይህን ካላየን ብለው መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውናል፤ ይሁን ወይስ ይቅር?» ጠያቂው የሚፈልገው አንድ ቃል ነው። እኔ ግን መልሼ እጠይቃለሁ፦ ማን ማን ሆናችሁ ነው የምታዩት?

ይህን የምጠይቀው መልስ ለመሸሽ አይደለም። አሜሪካ በሚኖር የእኛ ሰው ቤት በበዓል ቀን ሶፋው ላይ የሚቀመጡት የ4 ዓመት ሕፃን፣ ሁሉን ነገር «የሕፃን ነው» የሚል የ12 ዓመት ልጅ፣ ከሥራ ደክሞት የገባ አባትና የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአዲስ አበባ የመጡ አያት ናቸው። የሚያዩት ፊልም አንድ ቢሆንም አንዱን ያሳቀው ሌላውን ያስለቅሳል፤ አያትየዋ ደግሞ ሁሉም ለምን እንደሳቀ ሳይገባቸው አብረው ፈገግ ይላሉ። ሥራዬ ለአራቱም መገመት ነው።

ስለዚህ ፖስተሩ ጥግ ላይ ያለችው ፊደል ብዙም አትረዳኝም። አሜሪካኖች የዛሬውን ደረጃ አሰጣጥ የጀመሩት በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። «ጂ» ሲሉ ማንም ይየው ማለት ነው፤ «ፒጂ» ሲሉ ወላጅ ይምከርበት። ደረጃውን የሚሰጡትም ወላጆች ናቸው፤ ድካማቸውን አልንቅም። ሚዛናቸው ላይ የሚወጣው ግን ሊቆጠር የሚችለው ነው፦ ድብድብ፣ ስድብ፣ እርቃን፣ አደንዛዥ ዕፅ። በ1984 «ግሬምሊንስ» በ«ፒጂ» ወጣ። ካርቱን ባይሆንም ታሪኩ የገና ሰሞን ነው። ወላጆች አሻንጉሊት የመሰለውን ፍጥረት አይተው ልጆቻቸውን ይዘው ሲኒማ ገቡ፤ ውስጥ የጠበቃቸው ማይክሮዌቭ ውስጥ የሚፈነዳ ጭራቅ ነበር። ይባስ ብሎ አንዲት ገጸ ባሕርይ የአባቷን አሟሟት ስታወራ የገና አባት የሚባል ነገር እንደሌለ ትዘረግፈዋለች። የወላጆች ቁጣ በዚያው ዓመት በኢንዲያና ጆንስ ፊልም ላይ ከተነሣው ጋር ተደምሮ «ፒጂ 13» የሚባለውን አዲስ ደረጃ አስወለደ። ማለትም ደረጃው የተስተካከለው ልጆቹ ከደነገጡ በኋላ ነው።

ሁለት የገና ፊልሞችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። የ2004ቱ «ፖላር ኤክስፕረስ» ደረጃው «ጂ» ነው። የ2019ኙ «ክላውስ» በመጠነኛ ብልግና ቀልድና ግርግር ምክንያት «ፒጂ» ተሰጥቶታል። በፊደሉ የሚመራ ወላጅ የመጀመሪያውን ለትንሹ ልጅ ይከፍታል፣ ሁለተኛውን ያቆያል። እኔ የ6 ዓመት ልጅ ላለበት ቤት «ክላውስ»ን ነው የማስቀድመው።

ምክንያቴን የማገኘው ከአሠራሬ ነው። ፊልሙን አንዴ ድምፁን ዘግቼ አየዋለሁ፤ አንዴ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼው አዳምጠዋለሁ። ትንሽ ልጅ ንግግሩን ከመከተሉ በፊት ፊትና ሙዚቃ ስለሚያነብ፣ እሱ የሚያየውን ፊልም የማገኘው እንዲህ ለያይቼው ነው። «ፖላር ኤክስፕረስ» ድምፁ ሲዘጋ ሌላ ፊልም ይሆናል። ዳይሬክተሩ ሮበርት ዜሜኪስ የቶም ሃንክስንና የሌሎቹን ተዋንያን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ቀርጾ ነው ገጸ ባሕርያቱን የሠራቸው። ሰውነታቸው እንደ ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ዓይናቸው ግን ሕይወት የለውም፤ ፊልሙ እንደወጣ ብዙ ተቺዎች ያነሡትም ይህንኑ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ ይህን አስረድቶ አይናገርም፤ ዝም ብሎ ወደ እናቱ ይጠጋል። ድምፁን ብቻ ስሰማ ደግሞ ባቡሩ በሚሰነጠቅ በረዶ ላይ ሲንሸራተትና ልጁ የተጣሉ አሻንጉሊቶች በተንጠለጠሉበት ፉርጎ ሲያልፍ ሙዚቃው ለሚሰማው ልጅ ምንም እንደማያዝንለት ይታወቀኛል። ደረጃ ሰጪው እዚያ ቦታ የሚቆጥረው ነገር የለም፤ ደም የለ፣ ስድብ የለ።

ማስፈራቱ በራሱ ፊልሙን ከቤት አያስወጣውም። ድንጋጤ የሌለበት ተረት የትም የለም፤ የእኛም ጅብ ይበላል፣ ጦጣም ታታልላለች። የምመለከተው ልጁ ሲፈራ አጠገቡ ማን እንዳለና ፍርሃቱ ወዴት እንደሚያደርሰው ነው።

እዚህ ላይ «ክላውስ» ጎበዝ ነው። ስፔናዊው ሰርጂዮ ፓብሎስ ማድሪድ ባለው ስቱዲዮው በእጅ ሥዕል የሠራው ይህ ፊልም የጀመረበትን ጨለማ አይደብቅም። ጄስፐር የተባለ ቅምጥል የሀብታም ልጅ በአባቱ ትእዛዝ ከዓለም ተነጥላ ወደምትገኝ የበረዶ ደሴት ፖስተኛ ሆኖ ይላካል። የደሴቲቱ ከተማ ለሁለት ጎሳ ተከፍላ፣ ደወል በተደወለ ቁጥር ሕዝቡ እየወጣ የሚደባደብባት ናት። ልጆቹ ሳይቀሩ ጥላቻ ተምረዋል። ጄስፐር ጫካ ውስጥ ያለውን የእንጨት ሠሪውን የክላውስን ቤት ያገኘበት ትዕይንት የጭራቅ ፊልም ነው የሚመስለው፦ ጨለማ፣ መጥረቢያ፣ ፊቱ የማይታይ ግዙፍ ሰው። እዚህ ላይ የ4 ዓመቱን ልጅ ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ነገር ግን ያ ድንጋጤ ባዶውን አይቀርም። ያስፈራን ሰውዬ፣ ቤት ውስጥ የተዘጋበት አንድ ያዘነ ሕፃን የሣለውን ሥዕል ያነሣል፤ ያንኑ ሌሊት ለሕፃኑ አሻንጉሊት ይዞ ይሄዳል። ልጁ ፍርሃቱ ሲፈታ ያያል።

ሞትም አለበት። የክላውስ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩት አሻንጉሊቶች እሱና ሚስቱ ሊድያ ሲመኟቸው ኖረው ላልተወለዱ ልጆች የተሠሩ ናቸው፤ እሷም ታማ ሞታለች። ይህን የሚነግረን ራሱ ሐዘንተኛው ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ጩኸት። ልጅ «ለምን ልጅ አልወለዱም?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል፤ ወላጅ ሊመልሰው የሚችለው ጥያቄ ነው። የፊልሙ መጨረሻ ላይ ክላውስ ራሱ ነፋሱን ተከትሎ ይሄዳል። በቅርቡ አያት ወይም አባት የተቀበረበት ቤት ከሆነ ይህን ክፍል ቀድማችሁ ሳታዩ አትክፈቱት። ሌላው ቤት ግን አይሸሸው። ለቅሶ ቤት ልጅ ይዞ የሚሄድ ሕዝብ ነን፤ ሞትን ከልጅ መደበቅ የእኛ ልማድ አልነበረም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። የከተማዋ ልጆች ጨዋ መሆን የሚጀምሩት አሻንጉሊት እንዳይቀርባቸው ፈርተው ነው፤ ጄስፐርም ደብዳቤ የሚያሰባስበው አባቱ የጣለበትን የደብዳቤ ኮታ ሞልቶ ወደ ምቾቱ ለመመለስ እንጂ ለማንም አዝኖ አይደለም። መልካም ሥራ በክፍያ። ፊልሙ ይህን አያልፈውም፤ ይህ ድብቅ ዓላማው ሲወጣ ጄስፐር የወዳጆቹን እምነት ያጣል፣ ያም ያማል። ልጆቹ ግን ለጥቅም የጀመሩት ጨዋነት ልማድ ሆኖ ይቀጥላል፣ ማንም አይጠይቃቸውም። ይህ ለእኔ ጉድለት ነው። ከ10 ዓመት በላይ ከሆነ ልጅ ጋር ግን ከፊልሙ በኋላ ለመከራከር ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላገኝም።

ስለ ቀልድ አንድ ነገር ልበል። ደረጃ ሰጪዎች የሚያስጠነቅቁት የፈስና የሽንት ቀልድ ልጅን አይጎዳም፤ የሚያሰለቸው አዋቂውን ነው። እኔ የምከታተለው የሚሳቀው በማን ላይ እንደሆነ ነው፤ በተለይ ዘዬን። እንግሊዝኛው የባዕድ ቃና ያለው ገጸ ባሕርይ በየፊልሙ ክፉ ወይም ጅል ሆኖ ከመጣ፣ አባቱ በእንዲያ ያለ እንግሊዝኛ የሚናገር ልጅ ምን እንደሚማር አስቡት። «ክላውስ» ውስጥ ማርጉ የምትባል፣ ከሰሜን አውሮፓው የሳሚ ሕዝብ የሆነች ልጅ አለች፤ ድምፅዋን የሰጠችውም እውነተኛ የሳሚ ልጅ ናት። የምትናገረው በራሷ ቋንቋ ነው፣ ከሥር ትርጉም እንኳን የለም። ፊልሙ አይስቅባትም፤ ጅል የሚሆነው ያልገባው ጄስፐር ነው። ቤቱ አማርኛ፣ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለሆነበት ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የገና አባት ጉዳይም አለ። በብዙ የእኛ ቤቶች ስጦታው ከእማዬና ከአባዬ እንደሆነ ልጁ ያውቃል፤ በጭስ ማውጫ የሚገባ ሽማግሌ ማንም አልነገረውም። ስለዚህ አሜሪካዊ ወላጅ የሚፈራው «ምስጢሩ ይወጣብን ይሆን?» የሚለው እኛን ብዙም አያስጨንቀንም፤ የእኛ ጣጣ ተቃራኒው ነው። «ፖላር ኤክስፕረስ» ላይ የገና አባትን ደወል ድምፅ የሚሰማው በእሱ ያመነ ብቻ ነው፤ የተጠራጠረውን ልጅ አሻንጉሊት እየጮኸ ያሳጣዋል። በሳንታ (በገና አባት) እያመነ ላላደገ ልጅ ይህ ተግሣጽ ሆኖ ሊሰማው ይችላል፣ አንዳች ነገር የጎደለው እሱ እንደሆነ። የ2011ዱ «አርተር ክሪስማስ» እዚህ ላይ ቀላል ነው፤ የሳንታ ቤተሰብ እንደማንኛውም ቤተሰብ እየተነታረከ የአንዲት ልጅ ብስክሌት ሳይደርስ በመቅረቱ ይከራከራል፤ እንድታምኑ አያስገድድም። ጥሩ ፊልም ነው። ነገር ግን የእንግሊዞች ፈጣን ንግግር ስለሞላበት እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ወላጅ ግማሹ ቀልድ ያመልጠዋል። የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱ።

«ሃይማኖታዊ ከሆነስ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በ2017 የወጣው «ዘ ስታር» የጌታን ልደት በአንድ አህያ ዓይን የሚተርክ ነው፤ ወላጅ ርዕሱን ሲሰማ ልቡ ያርፋል። አይረፍ። የሄሮድስ ወታደር ሁለት ውሻ ይዞ ድንግል ማርያምን የሚያሳድድበት ክፍል ለትንሽ ልጅ ከ«ክላውስ» መጥረቢያ አያንስም። ከዚያ በላይ ደግሞ ኦርቶዶክሳዊ ቤት ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፦ ዮሴፍ ወጣት ሙሽራ ሆኖ ነው የተሣለው፣ የሠርግ ድግስም አለ። አረጋዊው ጠባቂ ዮሴፍ ተብሎ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ግራ ይጋባል። ይህን የምለው ፊልሙን ለመከልከል አይደለም፤ የሠሩት ሰዎች የራሳቸውን ትውፊት ተከትለዋል። መልሱ ግን ቀድሞ ቤት ውስጥ ይዘጋጅ።

አያትየዋን ረስቼ አይደለም። ለእሳቸው የማስቀድመው በ1982 በእንግሊዙ ቻናል ፎር የታየውን «ዘ ስኖውማን»ን ነው። 26 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከአጭር የመግቢያ ንግግርና ከአንዲት ዘፈን በቀር ቃል የለበትም። ልጁ ለአያቱ አያስተረጉምም፣ አያቱም የሚያመልጣቸው ነገር የለም። ብቸኛው ችግሩ መጨረሻው ነው፤ በማግስቱ የበረዶው ሰው ቀልጦ ይገኛል፣ ፊልሙም እዚያው ያልቃል፣ የሚያጽናና ማንም አይመጣም። ለዚህ ነው ለመኝታ ሰዓት የማልመክረው። ከሰዓት በኋላ ክፈቱት፤ ለማውራት ጊዜ እንዲኖር።

እንግዲህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። 6 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ «ክላውስ»፣ አዋቂ አጠገቡ ካለ። አያት ካሉ «ዘ ስኖውማን»። «ፖላር ኤክስፕረስ» ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይቆይ፣ ፊደሉ ምንም ይበል። በዚህ ዝርዝር የሌለ ፊልም ከመጣባችሁ፣ ዲሴምበር 25ም ሆነ ታኅሣሥ 29፣ ልጆቹን ከመጥራታችሁ በፊት የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ብቻችሁን እዩት። ትሬለሩ ያንን ክፍል አያሳያችሁም።