ቀሪውን ማን ይጠራል? በኢንተርኔት ስለሚሰጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አጭር ሒስ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በኢንተርኔት ይዳረስ የሚለው ሐሳብ ዛሬ ትምህርት በተነሣበት ስብሰባ ሁሉ ይነሣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ መምህር ያጣ የገጠር ትምህርት ቤት፣ ሥራ ይዞ የሚማር ወጣት፣ ታሞ ከቤት የዋለ ልጅ ሁሉ ይጠቀሙበታል። ዳሩ ግን ነገሩ በተነሣ ቍጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ ስንት ኮምፒዩተር ይገዛ፣ መስመሩ ከየት ይምጣ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተሳሰብ መንቀፍ ነው። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሚያስጀምረው ዕቃ ቢሆንም ቅሉ፣ የሚያኖረው ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ተማሪው በምን እንደሚቈጠርና በቀረ ጊዜ ማን ፈልጎ እንደሚጠራው ነው። ይህንንም ለማስረዳት ሦስት ምሳሌ አቀርባለሁ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት በ1997 የተጀመረውና ዛሬ ፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል የሚባለው ትምህርት ቤት ነው። ሲጀመር የኦሬንጅና የአላቹዋ አውራጃዎች በኅብረት ያቋቋሙት ትንሽ ሙከራ ነበር። በ2003 የግዛቱ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ግን ከብዙዎች ለየው፤ ገንዘብ የሚከፈለው ተማሪው ስለ ተመዘገበ ሳይሆን ትምህርቱን በሚገባ ስለ ጨረሰ እንዲሆን ተደነገገ። ከዚህም የተነሣ አቋርጦ የሚቀር ተማሪ ለትምህርት ቤቱ ኪሳራ ሆነ። መምህሩ በየወሩ ወደ ተማሪውና ወደ ወላጆቹ ስልክ መደወሉ፣ ተማሪው የላከው ሥራ የራሱ መሆኑንም በቃል እየጠየቀ ማረጋገጡ የዘወትር ሥራው ነው።

ይሁን እንጂ ይህም ሥርዓት ያለ ነቀፋ አይታለፍም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትምህርቱን የተወ ተማሪ ከወደቁት ጋራ አይቈጠርም፤ ስለዚህ የጨረሱት ብዛት በተነገረ ጊዜ በዚያ በር የወጡትንም ማሰብ ያስፈልጋል። ደግሞም በ2013 የገንዘቡ አከፋፈል ሕግ ሲለወጥ የተመዝጋቢው ቍጥር ቀነሰ፤ በመቶ የሚቈጠሩ መምህራንም ከሥራ ተሰናበቱ። በደንብ የቆመ ትምህርት ቤት እንኳ በአንድ የሕግ አንቀጽ ሊናወጥ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሁለተኛው በኦሃዮ ግዛት በ2000 የተከፈተው፣ የስሙ ትርጓሜ «የነገው የኤሌክትሮኒክ ክፍል» የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ይህ ከሕፃናት ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ያስተምር የነበረ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት ገንዘቡን የሚቀበለው በመዝገቡ ላይ በሰፈረው የተማሪ ብዛት ልክ ነበር። በ2016 መርማሪዎች ተማሪዎቹ በእርግጥ የተማሩበትን ሰዓት ሲያመሳክሩ፣ ክፍያ ከተጠየቀባቸው ከ15,000 በላይ ተማሪዎች ውስጥ ማስረጃ የተገኘው በሙሉ ጊዜ ተማሪ ስሌት ለ6,300 ያህሉ ብቻ ሆነ። ለአንድ የትምህርት ዓመት ብቻ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር መልስ ተባለ። በጥር 2018 በትምህርቱ ዓመት እኩሌታ ሲዘጋ 12,000 ያህል ተማሪዎች ሌላ ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበተኑ። መዝገቡን የሞላ ሁሉ ክፍሉን ሞልቷል ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ምሳሌ የራሳችን ነው። በ2004 በኢትዮጵያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል በሳተላይት ቴሌቪዥን ማስተማር ተጀመረ፤ ተማሪውም ወላጁም «ፕላዝማ» ብሎ የሚጠራው ነው። ይህ ኢንተርኔት ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ ነው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በአንድ ሰዓት ለሁሉ ይተላለፍ ነበር። የአዲስ አበባው ልጅና የሩቅ ወረዳው ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት እንዲያገኙ መታሰቡ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ቴሌቪዥኑ ስለሆነ፣ ለመምህሩ የቀረው መግቢያውና መደምደሚያው ብቻ ሆነ። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አይቆምለትም፤ መብራት ከጠፋም ያመለጠው ትምህርት አይመለስም። እዚህ ላይ ተማሪው በአካል አለ፤ በትምህርቱ ግን ቀሪ ነው። እንዲህ ያለውን ቀሪ ሊያውቀው የሚችለው መምህሩ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ እርሱንም ከተማሪው ጋራ ተመልካች አደረጉት።

በመጋቢት 2020 ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ተላከልን። ይህ ጸሐፊ ያን ጊዜ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። መምህራኑ ማስታወሻውን ይልኩ ነበር፤ ስማርት ስልክ የሌላቸውን ልጆች ስም የጠራ ግን አልነበረም። ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ከጎኔ ይቀመጥ የነበረው ልጅ አልተመለሰም። ለምን እንደ ቀረ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«መምህሩ እያንዳንዱን ተማሪ እየተከታተለ ከጠራ ወጪው ይበዛል፤ የኢንተርኔት ትምህርት ጥቅሙስ ርካሽነቱ አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። አንድ የተቀረጸ ትምህርት ለመቶ ሰውም ለመቶ ሺህ ሰውም በጥቂት ወጪ መላኩ እውነት ነው። አንድ መምህር ግን ስማቸውን ዐውቆ ሊከታተላቸው የሚችል ልጆች ቍጥር የተወሰነ ነው። መምህሩን በመቀነስ የተገኘው ርካሽነት ዕዳው አይጠፋም፤ የሚከፍለው ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለማቋቋም የሚያስብ ሁሉ፣ አንደኛ፣ በጥቂት የትምህርት ዓይነቶችና በአንድ ክፍል ይጀምር። ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የታወቀ መምህር ይመድብ፤ ኢንተርኔት ባይኖር በተራ ስልክም ቢሆን ይጥራው። ሦስተኛ፣ የተመዘገቡትን ብቻ ሳይሆን የጨረሱትንና የተዉትን በየዓመቱ ለሕዝብ ይግለጽ። አራተኛ፣ ዕቃውን ለመግዛት በተገኘ ርዳታ ብቻ ሳይመካ፣ የመምህራኑን ደመወዝ ለሚመጡት ዓመታት ከወዲሁ ያስብ። በየክፍላችን ጧት ጧት ስም መጥራት ተራ ልማድ ይመስለን ነበር፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ከአሮጌው መውረስ ያለበት የመጀመሪያው ነገር ግን ይኸው ነው።