«ሮጦ ወጣ» እና «ራን አውት»፤ የእንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶች አስተማማር ሲመረመር

«ወጣ» የሚለው የአማርኛ ግስ ሁለት አገልግሎት አለው። ሰው ከቤት ይወጣል፤ የታቦርንም ተራራ ይወጣል። እንግሊዝኛ ግን የፊተኛውን «ጎ አውት»፣ የኋለኛውን «ጎ አፕ» ብሎ ይለያል። አንድ የሐዋሳ ተማሪ «ዌንት አውት ዘ ማውንቴን» ብሎ ቢጽፍ ስሕተቱ የሚያውቀውን ቋንቋ ሥርዓት ከመከተል የመጣ እንጂ የስንፍና አይደለም። መምህሩ ይህን ካላስተዋለ በቀይ ቀለም ከመሰረዝ በቀር የሚሰጠው ማብራሪያ አይኖረውም።

«ጎ አውት»ን፣ «ካም ኢን»ን፣ «ጊቭ አፕ»ን ከነትርጉማቸው በሁለት ዓምድ ጽፎ የማስጠናት ልማድ የሚነቀፈውም ከዚህ የተነሣ ነው። ዝርዝሩ ሁሉንም እንደ ፈሊጥ ይቆጥራል። «ጊቭ አፕ» በእርግጥ ፈሊጥ ነው፤ ተስፋ በመቁረጥ ውስጥ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር የለም። «ራን አውት ኦቭ ዘ ሀውስ» ግን ደንቡን ያወቀ ተማሪ ራሱ ሊሠራው የሚችል ሐረግ ነው።

አማርኛ «ሮጦ ወጣ» ሲል መውጣቱን በማሰሪያ አንቀጽ፣ ሩጫውን በቦዝ አንቀጽ ይገልጻል። እንግሊዝኛ ይህንኑ ይገለብጠዋል፤ ሩጫው ዋናው ግስ ሲሆን መውጣቱ በአንዲት አጭር አቅጣጫ አመልካች ቃል ይነገራል። አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሌናርድ ታልሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ጥናት ቋንቋዎች በዚህ ረገድ እንደሚለያዩ አሳይቷል። ካዙሂሮ ካዋቺ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረበው የሲዳምኛ ሰዋስው ደግሞ ሲዳምኛን ከአማርኛ ወገን ያሰልፈዋል። እንግዲህ አፉን በሲዳምኛ የፈታውም በአማርኛ የፈታውም ልጅ የሚቸገረው በአንድ ነገር ነው፤ ይህም ለመምህሩ ሥራ ያቀልለታል።

ጉዳቱ የሚበረታው በንባብ ላይ ነው። «ራን ኢንቱ ዘ ሀውስ» የሚለው ብዙውን ጊዜ «ወደ ቤት ሮጠ» ተብሎ ይተረጎማል። ወደ ቤት የሮጠ ሰው ግን መግባቱ ገና አልተነገረም፤ እንግሊዝኛው ገብቷል ይላል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ነገሩ ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ የጥቁር ውኃ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ መግባቱና ወደ ሐይቁ አቅጣጫ መፍሰሱ በጂኦግራፊ ፈተና አንድ አይደሉም።

ዝርዝሩ ይጣል ማለት አይደለም፤ ይለይ ነው። አስቀድሞ «አፕ»፣ «ዳውን»፣ «ኢን»፣ «አውት»፣ «አክሮስ» ከመራመድ፣ ከመሮጥና ከመዋኘት ግሶች ጋር እየተጣመሩ ቢሰጡ ተማሪው ከጥቂት ቃላት ብዙ ዐረፍተ ነገር ያወጣል። ለምሳሌው ታቦርና ሐይቁ ቅርብ ናቸው። (ሐይቁን ዋኝቶ መሻገሩ፣ ጉማሬ ስላለበት፣ በወረቀት ላይ ብቻ ይቅር።) ፈሊጦቹ ከዚያ በኋላ በየተራቸው ይደርሳሉ።

በእርማት ጊዜም ጥንቃቄ ያሻል። «ሂ ኤንተርድ ዘ ሀውስ ራኒንግ» የሰዋስው ጉድለት የለበትም። «ኤንተር»ና «ዲሴንድ» ከላቲን በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገቡ ሲሆኑ እንደ አማርኛ ግሶች መንገዱን በውስጣቸው ይይዛሉ፤ ተማሪው የሚመርጣቸውም ስለሚመቹት ነው። የየዕለቱ ተናጋሪ ግን «ሂ ራን ኢንቱ ዘ ሀውስ» ይላል። መምህሩ ዐረፍተ ነገሩን በስሕተትነት ሳይሰርዝ ሁለተኛውን ከጎኑ ቢጽፍለት ልጁ ልዩነቱን በዓይኑ ያያል።